የቅርብ ጠበልና የሩቅ ጣቢያ

የራዲዮ ነገር ሲነሣ ዘወትር የምንተቸው ተናጋሪውን ነው። ድምፁ አይጥምም፣ ዜናው ያደላል፣ ዘፈኑ በዛ እንላለን። አድማጩን ግን ማንም አይተቸውም። እኔ ዛሬ ብዕሬን ያነሣሁት በአድማጩ ላይ ነው፤ ያውም ሲመሽ የራዲዮኑን መርፌ ወዲያና ወዲህ እያለ ሩቅ ጣቢያ በሚያድነው በአጭር ሞገድ አድማጭ ላይ።

ይህ ሰው በዓለም ላይ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በአውሮፓ፣ በጃፓንና በአሜሪካ ይገኛል። ለእሱ ጣቢያ ማደን እንደ ቴምብር መሰብሰብ ያለ የትርፍ ጊዜ ደስታ ነው። የራቀና የደከመ ጣቢያ በያዘ ቁጥር ቀኑን፣ ሰዓቱንና ሞገዱን ይመዘግባል፤ ለጣቢያው ደብዳቤ ይጽፋል፤ ከጣቢያውም መስማቱን የሚያረጋግጥ ካርድ ይላክለታል። መለኪያም አለው፦ የድምፁ ጉልበት፣ የሌላ ጣቢያ ጣልቃ ገብነት፣ የአየሩ ጫጫታ፣ የሞገዱ መዋዠቅና የአሰማሙ ጠቅላላ ሁኔታ እያንዳንዳቸው ከ1 እስከ 5 ነጥብ ያገኛሉ። ለተነገረው ነገር እውነትነት ግን ነጥብ የለም። ቋንቋውን ባያውቀውም ግድ የለውም።

ሁለተኛው አድማጭ የእኛው ነው። እሱን ለማግኘት ወደ ወረታ ልውሰዳችሁ። ከተማዋ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ የደብረ ታቦርና የወልድያ መንገድ ከሚገነጠልበት ዘንድ ትገኛለች። ዙሪያዋ የፎገራ ሜዳ ነው፤ ርብና ጉማራ ወደ ጣና ሲወርዱ የሚያጠጡት፣ ክረምት ውሃ የሚተኛበት፣ ሩዝ የሚታጨድበት ሜዳ። አጭር ሞገድ ከምድር ተነሥቶ በሰማይ ከፍታ ካለው፣ የፀሐይ ጨረር በኤሌክትሪክ ከሞላው የአየር ንብርብር ላይ ነጥሮ ስለሚመለስ፣ ተራራና ባሕር ሳያግደው በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ይሻገራል። ቀን በ16ና በ19 ሜትር የተሰማው ሲመሽ ወደ 41ና 49 ሜትር ይወርዳል። ከኮረንቲ መስመር በራቀ የገጠር ቤት ደግሞ ጫጫታው ይቀንሳል። ስለዚህ የፎገራ ገበሬ ጨለማውን እየረገመም ቢሆን፣ የከተማ ሰው የማያገኘው ጥሩ መስሚያ ነበረው። የባትሪው ድንጋይ ሲደክምበት ፀሐይ ላይ እያሰጣ፣ አንቴናው ሲያጥርበት ሽቦ እየቀጠለ፣ ይሰማል።

ምን ይሰማል? እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚገርመው። ብስራተ ወንጌል በየካቲት 1955 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ሥራ ጀመረ፤ በመጋቢት 1969 ዓ.ም. ደርግ ወረሰው። የጀርመን ድምፅ አማርኛ የጀመረው በመጋቢት 1957 ዓ.ም. ነው። የአሜሪካ ድምፅ እ.ኤ.አ. በ1982 ተከተለ። ሞስኮም በአማርኛ ይናገር ነበር፤ የአማፂያኑ ራዲዮዎች ደግሞ ከጋቢ ሥር ድምፃቸው ተቀንሶ ይሰሙ ነበር። የእኛ ሰው እነዚህን ሁሉ ያሳደደው ስለ ራይን ወንዝ ወይም ስለ ዋሺንግተን አየር ለማወቅ አልነበረም። የገዛ አገሩን ወሬ ፍለጋ ነው። አዲስ አበባ ላይ ማን እንደታሰረ፣ ጦርነቱ የት እንደደረሰ፣ ከጀርመን ዞሮ ወደ ፎገራ ይመለሳል። ሩቁን የሚከፍተው ቅርቡን ለመስማት ነው።

አሁን ሁለቱን አድማጮች ፊት ለፊት እናቁማቸው። የአማራ ክልል ራዲዮ በ49 ሜትር፣ በ6090 ኪሎ ኸርዝ ይሰራጭ ስለነበር፣ የአውሮፓ ጣቢያ አዳኞች በምዝገባ ደብተራቸው ላይ አስፍረውታል። አንዲት የአማርኛ ቃል የማያውቅ ሰው የባሕር ዳሩን ጣቢያ ያዝኩ ብሎ በደስታ ሲዘል፣ በመኪና ከአንድ ሰዓት ብዙ በማይርቀው ወረታ የሚኖረው ባለጉዳይ ያንኑ ጣቢያ አልፎ ጀርመንን ይፈልጋል።

«የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል» ይላል ያገራችን ሰው። በዚህ ተረት አድማጩን መውቀስ ይቀላል። እኔ ግን ጥያቄውን ወደ ጠበሉ እመልሰዋለሁ። ልጥ የተነከረበት ቅርብ ስለሆነ ብቻ ነው? ወይስ ጠጥቶት የዳነ ሰው ስለጠፋ? ጉማራ ሞልቶ ማሳ ሲውጥ ዜናው በባለሥልጣን ስብሰባ ከጀመረ፣ ገበሬው መርፌውን ቢያዞር ማን ይፈርድበታል?

ይሁን እንጂ የእኛን አድማጭም አልምረውም። ጥፋቱ ርቀትን ከእውነት ጋር ማምታታቱ ነው። ከሩቅ የመጣ ድምፅ ሁሉ ንጹሕ ይመስለዋል። ብስራተ ወንጌልን ያቋቋሙት ሉተራውያን፣ የጀርመን ድምፅን የሚደጉመው የጀርመን መንግሥት፣ የሞስኮና የዋሺንግተን ሰዎችም የየራሳቸው ጉዳይ ነበራቸው። ርቀቱ ራሱ እንኳ ሊያታልል ይችላል፤ ዶይቸ ቬለ እስከ እ.ኤ.አ. 2015 ድረስ በኪጋሊ፣ ሩዋንዳ ማሰራጫ ነበረው፤ የጀርመን የመሰለን ድምፅ ከአፍሪካ ኮረብታ ሊነሣ ይችላል ማለት ነው። ለዚህ እምነት መጠናከር ደግሞ አፋኞቹ ረድተዋል። በመጋቢት 2002 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ የአሜሪካ ድምፅን የአማርኛ ክፍል ከሩዋንዳው ሚል ኮሊን ራዲዮ ጋር አመሳስለው፣ የማፈን ሐሳብ እንዳለ በአደባባይ ሲናገሩ፣ በአድማጩ ጆሮ የጣቢያው ዋጋ ጨመረ እንጂ አልቀነሰም። የታፈነ ሁሉ እውነት ነው ማለት ግን አይደለም።

ታዲያ የዚህ ልማድ ቁም ነገሩ የቱ ላይ ነው? ወረታ ገበያ ላይ ያነጋገርኳቸው አንድ አባት ነግረውኛል። አንድን ወሬ ከአንድ ጣቢያ ብቻ ሰምተው ለሰው አይናገሩም ነበር። መጀመሪያ የአገር ውስጡን፣ ቀጥሎ የጀርመኑን፣ በኋላ የአሜሪካውን ሰምተው፣ ሦስቱ የተስማሙበትን ይይዛሉ፤ ያልተስማሙበትን ያሳድራሉ። ፊደል በቅጡ ያልቆጠሩ ሰው ናቸው። ይህ ግን ሂስ ካልሆነ ሂስ የሚባል ነገር የለም። የአውሮፓው አዳኝ በአምስት ነጥቦቹ ያልደረሰበትን ስድስተኛ መለኪያ እኒህ ሰው በጆሯቸው ይዘውታል።

የምሰጋው ለዚህ መለኪያ ነው። ስልክ ያየነውንና የወደድነውን እየደጋገመ ያቀርብልናል፤ መርፌ ማዞር የለም፤ ያልወደዱትን ጣቢያ በመንገድ ላይ መስማት የለም። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ የስልክ ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ሲቋረጥ፣ በስልክ ብቻ የሚሰማ ሰው ደንቆሮ ሆኖ ቀረ። በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ደግሞ በዋሺንግተን በተላለፈ ትእዛዝ የአሜሪካ ድምፅ ሠራተኞች ሁሉም ማለት ይቻላል ከሥራ እንዲርቁ ሲደረግ፣ ምሽት 3 ሰዓት የለመደ ጆሮ ባዶ ጩኸት አገኘ። ሩቅ ጣቢያ የሰው ነው፤ ባለቤቱ በፈለገ ቀን ያጠፋዋል።

ስለዚህ ፍርዴ እንዲህ ነው። የአጭር ሞገድ አድማጭ ከነጉድለቱ ከሁላችን የተሻለ አንባቢ ነበር፤ ማመሳከር ያውቃልና። ይህን ችሎታ ከራዲዮኑ ጋር አብረን ቆጥ ላይ ከሰቀልነው የከሰርነው እኛ ነን። የቅርቡም ጣቢያ ቢሆን አድማጭ ራቀኝ ብሎ ከማማረር፣ ጉማራ የሞላ ዕለት ወሬውን ከጀርመን ቀድሞ፣ ሳይቀባባ ይንገር። ያን ጊዜ ጠበሉ ቅርብ ነው ብሎ ልጥ የሚነክርበት አይኖርም።