በየዋህነት ስለ መመለስ
በአፄ ገላውዴዎስ የሃይማኖት ቃል ላይ የተሰጠ ሐተታ

ሐዋርያው ጴጥሮስ በፊተኛይቱ መልእክቱ፥ በምዕራፍ 3 በቍጥር 15፥ ምእመናን ስለ ተስፋቸው ለሚጠይቃቸው ሁሉ መልስ እንዲያዘጋጁ፥ መልሱም በየዋህነት እንዲሆን ያዝዛል። መልስ ያለ የዋህነት ምንድር ነው ቢሉ፥ ፍቅር የሌለው እውነት ነው። የዋህነትስ ያለ መልስ ምንድር ነው ቢሉ፥ ዝምታ ነው። ስለዚህ ሐዋርያው ሁለቱን አንድ አድርጎ አዘዘ።

ይህን ትእዛዝ በሥራ የፈጸመ ጽሕፈት አፄ ገላውዴዎስ በ1547 ዓ.ም. በግእዝ የጻፉት የሃይማኖት ቃል ነው። ነገሩ ቀላል አልነበረም። በ1533 ዓ.ም. የመጡት 400 ያህል የፖርቱጋል ወታደሮች ከግራኝ አሕመድ ጋራ በተደረገው ጦርነት ለኢትዮጵያ ደማቸውን አፍሰዋልና፥ ንጉሡ የውለታ ባለዕዳ ነበሩ። የሮም መምህራን ግን ስለ ሰንበት፥ ስለ ግዝረትና ስለ እሪያ ሥጋ የኢትዮጵያን ክርስቲያን እንደ አይሁድ ቈጥረው ነቀፉ። ቢቈጡ ወዳጅን ማጣት፥ ዝም ቢሉ ሃይማኖትን ማሳፈር ነበረ።

ንጉሡ ከጠቡ አልጀመሩም። አስቀድመው ምሥጢረ ሥላሴን መሰከሩ፤ ሁለቱም ወገን የሚቀበሏቸውን የኒቅያን፥ የቍስጥንጥንያንና የኤፌሶንን ጉባኤያት ጠሩ። ከዚያ በኋላ ቀዳሚት ሰንበት የምትከበረው እንደ አይሁድ ሥርዓት ሳይሆን በቍርባንና በፍቅር ማዕድ መሆኑን አስረዱ። ግዝረትን የአገር ልማድ አሉት። ስለ እሪያም የሚበላውን እንደማይንቁ፥ የማይበላውንም እንደማያስገድዱ ተናገሩ። በዚህ ሁሉ ሃይማኖትን ከልማድ ለዩ እንጂ ተከራካሪውን አልሰደቡም።

ይህ ልዝብነት ፍርሃት ነው የሚል ቢኖር፥ ንጉሡ ከሥርዓታቸው አንዱን እንኳ እንዳልተዉ ይመልከት። ጽሕፈቱ ግን ጕድለት የለበትም አይባልም፤ ስለ ግዝረት የተነገረው እጅግ አጭር ነው፥ ልማዱም ከወዴት እንደ መጣ አያስረዳም። ሮማውያንም በመልሱ አልረኩም። የየዋህ ቃል ሁልጊዜ ተከራካሪን አይመልስምና።

ይሁን እንጂ የኃይል መንገድ ምን አፈራ ቢሉ፥ ከቁንዝላ ወደብ ጣናን ተሻግሮ ወደ ሰሜን የሚሄድ ሰው በጎርጎራ የኢየሱሳውያንን ሕንፃ ፍርስራሽ ያገኛል። አፄ ሱስንዮስ የሮምን ሃይማኖት በአዋጅ አጸኑ፤ ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ በ1624 ዓ.ም. አዋጁን ራሳቸው ሻሩት።

የውጭው ክርክር እንዲህ ከሆነ፥ የወንድማማች ክርክር እንደ ምን ይሆን? በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ ቦሩ ሜዳ ላይ ጉባኤ አድርገው ስለ ተዋሕዶ፥ ስለ ቅባትና ስለ ጸጋ የነበረውን ክርክር በሥልጣን ቈረጡ። ጉባኤ ነገርን ይቈርጣል፤ ልብን ግን አይቈርጥም። በጉባኤ ፊት የተረታ ሁሉ በልቡናው እንዳልተመለሰ፥ ከዚያ በኋላ በጎጃም የቀረው የቅባት ትምህርት ምስክር ነው።

እንግዲህ መምህር ወንድሙን ሲመረምር ከሚስማሙበት ይጀምር፤ ልማድን ከሃይማኖት ይለይ፤ መኰንንም ክርክሩ ሳያልቅ ሰይፉን አያሳይ። ልዑል እግዚአብሔር ለመምህራን የእውነትን ቃል ከትዕግሥት ጋራ ያድልልን፤ አሜን።