የለንደንን የ2041 ግብ አዲስ አበባ ቀድማ አሳክታለች?

እስቲ በአንድ እንቆቅልሽ እንጀምር። የለንደን ከንቲባ በ2018 (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ባወጡት የትራንስፖርት ስትራቴጂ አንድ ትልቅ ግብ ተቀምጧል፦ በ2041 ከከተማዋ ጉዞ 80 በመቶው በእግር፣ በብስክሌት ወይም በሕዝብ ትራንስፖርት እንዲሆን። መነሻው በ2015 የነበረው 63 በመቶ ነው።

ወደ አዲስ አበባ እንምጣ። ስለ ከተማዋ ትራንስፖርት በተጻፉ ሰነዶች ላይ ደጋግሞ የሚጠቀሰው አኃዝ 54 በመቶው ጉዞ በእግር፣ 31 በመቶው በሕዝብ ትራንስፖርት ነው ይላል። ደምሩት፦ 85 በመቶ! በቁጥሩ ከሄድን ለንደንን ቀድመናታል ማለት ነው። ግን ይህንን ማታ ሜክሲኮ አደባባይ የታክሲ ሰልፍ ላይ ለቆመ ሰው ብትነግሩት ምን ይላችኋል?

ቁጥሩ አልዋሸም። የሚጠይቀው ግን «በምን ሄድክ?» ብሎ ብቻ ነው። «ወደህ ነው ወይስ ቸግሮህ?» አይልም። መኪናውን ቤቱ ትቶ በእግሩ የሄደ የለንደን ነዋሪና የታክሲ ሒሳብ አጥቶ በእግሩ የሄደ የአዲስ አበባ ነዋሪ እኩል ይቆጠራሉ። ግቡ መኪና ለሞላባት ለንደን ይበጅ ይሆናል፤ እንዳለ ገልብጠን ብናመጣው ግን ችግራችንን እንደ ስኬት ይመዘግብልናል።

ሁለተኛው ስህተት ግብን በኪሎ ሜትር መቁጠር ነው። በ2015 ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር 34 ኪሎ ሜትር ገደማ ርዝመት አለው። በኋላ ግን ከ41ዱ ባቡሮች ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጥረት ቆሙ። ልብ በሉ፦ ሐዲዱ አንድ ሜትር አላጠረም፣ አገልግሎቱ ግን አሽቆለቆለ። በብዙ ቦታ ደግሞ አጥሩ ሠፈሮችን ለሁለት ከፍሎ፣ ለመሻገር ብቻ ረጅም መንገድ መዞር ግድ ሆነ። በኪሎ ሜትር የተጻፈ ግብ ይህንን ሁሉ አያይም።

«መንገዱን እናስፋውና መጨናነቁ ይጥፋ» የሚለው ግብስ? አሜሪካ ውስጥ፣ ሂውስተን ከተማ፣ ኬቲ የሚባለውን አውራ ጎዳና የማስፋቱ ሥራ በ2008 ተጠናቀቀ። በሰፊው ቦታ፣ የጎን መንገዶቹ ተጨምረው፣ 26 መስመር ደረሰ። ሆኖም ከ2011 እስከ 2014 ባሉት ዓመታት የማታው ጉዞ በሚበዛበት ሰዓት የሚወስደው ጊዜ በ55 በመቶ ገደማ ጨመረ። ምክንያቱ ተንኮል አይደለም። መንገዱ ሲፈጥን በሌላ ሰዓት ይሄድ የነበረው ይመለሳል፣ አንዳንዱ ራቅ ብሎ ቤት ይሠራል፣ ሌላው መኪና ይገዛል። ባለሙያዎች ይህንን «መንገድ የሚፈጥረው ፍላጎት» ይሉታል። ሰፊ መንገድ አዲስ መኪና ይጠራል።

ከእነዚህ ሁሉ እኔን የሚያሳምነኝ ሲንጋፖር በ2019 ያወጣችው ግብ ነው፦ በ2040፣ ሰው በሚበዛበት ሰዓት በእግር፣ በብስክሌትና በሕዝብ ትራንስፖርት ከሚደረጉ 10 ጉዞዎች 9ኙ በ45 ደቂቃ ውስጥ እንዲያልቁ፤ በሠፈር ደረጃ ደግሞ ወደ ቅርቡ የገበያና የአገልግሎት ማዕከል በ20 ደቂቃ እንዲደረስ። የሚለካው የመኪናው ፍጥነት አይደለም፤ ሰውየው መድረሱ ነው። ግን እሱም እንከን አለው። አሥረኛው ጉዞ የማን ነው? የአካል ጉዳተኛው ከሆነስ? ወይም ዳር የተከራየችው የጽዳት ሠራተኛ? አማካይ ቁጥር ሰው ይደብቃል። ዋጋውም በግቡ ውስጥ የለም፤ በ45 ደቂቃ የሚያደርስ አውቶቡስ ደሞዝን የሚበላ ከሆነ ምን ይረባል?

ስለዚህ የ20 ዓመት ግብ ስታዩ አራት ነገር ጠይቁት፦ ማንን? ከየት ወዴት? በስንት ደቂቃ? ከገቢው ስንቱን ከፍሎ? አንዱን እንኳ ካልመለሰ ምኞት እንጂ ግብ አይባልም።

ሙከራውን ዛሬውኑ መጀመር ትችላላችሁ። ለአንድ ሳምንት ከቤታችሁ በር እስከ ትምህርት ቤታችሁ በር ያለውን ጊዜ ከፋፍላችሁ ጻፉ፦ የእግሩን፣ የሰልፉን፣ የታክሲውን። የብዙዎቻችሁ ትልቁ ቁጥር ሰልፉ ላይ ቢወጣ አይገርመኝም። ሰልፉን ደግሞ የትኛውም አዲስ አስፋልት ብቻውን አያሳጥረውም።