«የአልቅት ዘር» ወይስ «የተቀጽላ ዘር»? ስለ አንድ የጨዋታ ስያሜ አተረጓጐም

የሙያ ቃላትን የሚያጠና ሰው ብዙ ጊዜ ዐይኑን የሚጥለው በሕግ፣ በሕክምናና በምህንድስና ላይ ነው። የልጆች ጨዋታ የስያሜ ጥናት የሚገባው አይመስለውም። ይሁን እንጂ ልጅ ቃል የሚለምደው በጨዋታ ነው፤ በልጅነት አንደበት ላይ የተተከለ ስያሜም ኋላ ስሕተት ነው ቢባል በቀላሉ አይነቀልም። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ፣ ከጃፓን ተነሥቶ ዓለምን ካዳረሰው «ፖኬሞን» ከተባለው የቪድዮ ጨዋታና የካርቱን ፊልም አንድ የጥቃት ስያሜ ብቻ መርጠን፣ በየቋንቋው እንዴት እንደ ተተረጐመና በአማርኛ ምን ሊባል እንደሚገባው እንመረምራለን። ጨዋታው በይፋ ከወጣባቸው ቋንቋዎች መካከል አማርኛ የለበትም። ጥናቱን ዛሬ ማድረግ የሚያስፈልገውም ስለዚሁ ነው፤ ስያሜ ከመለመዱ በፊት እንጂ ከተለመደ በኋላ ማረም ከባድ ነውና።

አስቀድሞ የነገሩን ምንነት እንግለጽ። ፖኬሞን እ.ኤ.አ. በ1996 በጃፓን በጨዋታነት ወጣ፤ በ1997 ደግሞ የካርቱን ፊልሙ በቴሌቪዥን መታየት ጀመረ። ፈጣሪው ሳቶሺ ታጂሪ በልጅነቱ ነፍሳትን እየሰበሰበ ያደገ ሰው ነው፤ የጨዋታውም ሐሳብ ከዚሁ የመነጨ ነው። በጨዋታው ውስጥ ልዩ ልዩ ፍጡራን ይሰበሰባሉ፣ ይሠለጥናሉ፣ እርስ በርስም ይጋጠማሉ። ለየአንዳንዱም እንደ ወገኑ የእሳት፣ የውሃ ወይም የዕፅዋት ጥቃት ተሰጥቶታል። ከዕፅዋት ወገን የሆነው አንዱ፣ በጀርባው ላይ እንደ ሽንኩርት ራስ ያለ ነገር ተሸክሞ የሚሄደው ፍጡር፣ በእንግሊዝኛ «በልባሶር»፣ በጃፓንኛ «ፉሺጊዳኔ» ይባላል። ይህ ፍጡር በባላጋራው ላይ ዘር ይጥላል። ዘሩ ከአካሉ ላይ ተጣብቆ በየዙሩ ጕልበቱን ይመጠምጣል፤ የተመጠመጠውም ጕልበት ለጣዩ ወገን ይገባል። በመጀመሪያዎቹ ቅጂዎች በየዙሩ የሚወሰደው የባላጋራው ሙሉ ጕልበት 1/16 ነበር፤ ከሁለተኛው ትውልድ ወዲህ 1/8 ሆኗል። ጥቃቱ ከዕፅዋት ወገን በሆነ ባላጋራ ላይ አይሠራም።

የዚህ ጥቃት ስም በመጀመሪያው ቋንቋ፣ በጃፓንኛ፣ «ያዶሪጊ ኖ ታኔ» ነው። «ታኔ» ዘር ማለት ነው። «ያዶሪጊ» ደግሞ በሌላ ዛፍ ቅርንጫፍ ላይ በቅሎ ከዚያው የሚኖር ተክል ስም ሲሆን፣ «ያዶሪ» ማደርን፣ «ኪ» ዛፍን ያመለክታሉ፤ በአንድነት «አዳሪ ዛፍ» እንደ ማለት ነው። («ያዶሪ» ከአማርኛው «አዳሪ» ጋር በድምፅም በፍችም መቀራረቡ አጋጣሚ እንጂ ዝምድና አለመሆኑን ለጥንቃቄ እናስታውሳለን።) እንግሊዝኛው ይህን ትቶ «ሊች ሲድ»፣ ማለትም «የአልቅት ዘር» አለው። የጀርመንኛው «ኤገልዛመን» እንደ እንግሊዝኛው አልቅትና ዘርን ያጣምራል። ፈረንሳይኛው «ቫምፒግሬን» ሲለው፣ ከመቃብር ተነሥቶ ደም ይመጣል የሚባለውን ሙት ከዘር ጋር አዋሕዷል። ጣልያንኛው «ፓራሲሴሜ» ብሎ ጥገኛን ከዘር አጋጥሟል። እስፓንኛው «ድሬናዶራስ» ብሎ፣ ማለትም «አሟጣጮቹ» ብሎ፣ ዘሩንም ጭምር ጥሎታል።

እንግዲህ አምስቱም የአውሮፓ ትርጓሜዎች የጥቃቱን ውጤት፣ መምጠጡን ወይም ጥገኝነቱን፣ ይዘዋል፤ ተክሉን በስሙ የጠራ ግን አንዳቸውም የሉም። ለእንግሊዝኛው አንድ ይቅርታ ልናቀርብለት ይቻላል። በእንግሊዝ አገር ባህል ያ ተክል በልደት በዓል ከደጃፍ ላይ የሚንጠለጠል፣ ከሥሩም የሚሳሳሙበት ጌጥ ነው፤ የጥቃት ስም ቢሆን የሚያስፈራ አይሆንም። አልቅት በእንግሊዝኛ አንባቢ ዘንድ የሚሻለው ስለዚህ ነው። አማርኛ ግን ይህ ችግር የለበትም። የሌላውን ቋንቋ ችግር መፍትሔ ተቀብለን የራሳችን ችግር ብናደርገው ተርጓሚነታችን ምን ላይ ነው?

«የአልቅት ዘር» የሚለውን የምንነቅፈው በሦስት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ በአማርኛ «ዘር» የሚለው ቃል የሚዘራውን ብቻ ሳይሆን ትውልድንና ወገንን ይናገራል። ከእንስሳ ስም ቀጥሎ ሲመጣ ሰሚው የሚረዳው ሁለተኛውን ነው፤ ስለዚህ «የአልቅት ዘር» ማለት ከአልቅት የተወለደ ማለት ይሆንና ከጥቃት ስምነት ወደ ስድብነት ያዘነብላል። ሁለተኛ፣ አልቅት በአገራችን የምንጭና የኵሬ ነገር ነው፤ ከብት ውሃ ሲጠጣ ከአፉ ገብቶ የሚጣበቅ ነው። ስሙን የሰማ የገጠር ልጅ ሐሳቡ ወደ ውሃ እንጂ ወደ ተክል አይሄድም፤ ጥቃቱንም ከውሃ ወገን ይመድበዋል። ሦስተኛ፣ አልቅት ዘር የለውም፤ እንግሊዝኛው ሁለቱን ቃላት ያጋጠመው በግድ ነው። እኛም በመጀመሪያው ረቂቃችን «የአልቅት ዘር» ብለን ጽፈን እንደ ነበር አንሸሽግም፤ ስሕተቱ የታየን የጃፓንኛውን ስም ካገኘን በኋላ ነው።

በትምህርት መጻሕፍት የተለመደውን «ጥገኛ» የሚለውን ወስደን «ጥገኛ ዘር» ብንል ከጣልያንኛው ጋር እንስማማለን። ነገር ግን «ጥገኛ» ከ«ጥግ» የወጣ እንደ መሆኑ በቤተሰብ የሚጦረውንም፣ በሰው አገር የተጠለለውንም ይናገራል። የመምጠጥ ሥራ በውስጡ አይታይም፤ ተጠግቶ መኖር ብቻ ነው የሚታየው። ጠቅላላ ስም ለጠቅላላ ክፍል ይበቃል፤ ለአንድ ለተወሰነ ነገር ግን ይሰፋል።

ታዲያ የተወሰነውን ስም ከየት እናምጣው? ስያሜን ለመፈተን የሚያመች አገር ብንፈልግ፣ ከመካነ ሰላም ዙሪያ ከምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ የሚበልጥ ብዙ አይገኝም። በላይ በቦረናና በሳይንት ከፍታ፣ ዛሬ በብሔራዊ ፓርክነት በተከለለው በደንቆሮ ጫካና በአካባቢው፣ ኮሶው፣ አስታው፣ ጓሳውና ጅባራው አለ። በታች መሬቱ ወደ ዐባይ ሸለቆ ይወርዳል፤ ቆላውም የማሽላ አገር ነው። ከደጋ እስከ ቆላ ያለው የዕፅዋት ስም በአጭር መንገድ ውስጥ ይገኛል ማለት ነው። በእንዲህ ያለ አገር ካለው አነጋገር ሁለት ቃላት ለጉዳያችን ይቀርባሉ፦ «አቀንጭራ» እና «ተቀጽላ»።

አቀንጭራ የማሽላ ጠላት የሆነ የቆላ ዐረም ነው፤ በወሎ የማሽላ እርሻ ስሙ የታወቀ ነው። አንዱ ተክል በአሥር ሺሕ የሚቈጠር፣ እንደ ትቢያ የደቀቀ ዘር ያፈራል፤ ዘሩም በአፈር ውስጥ ከ10 ዓመት በላይ ሳይሞት ይቈያል። የማሽላው ሥር የሚያመነጨው ንጥረ ነገር ሲደርሰው ብቻ ይነቃል፤ ከሥሩም ላይ ተጣብቆ ውሃውንና ምግቡን ይስባል። ገበሬው አበባውን ከመሬት በላይ ሲያይ ጕዳቱ ከመሬት በታች ካለቀ ሰንብቷል። ኢትዮጵያዊው ሊቅ ገቢሳ ኤጄታ እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ያገኙት አቀንጭራን የሚቋቋሙ የማሽላ ዝርያዎችን በማውጣታቸው ጭምር ነው።

የቃሉ አወጣጥ ለሙያችን ትምህርት አለው። ገበሬው ዐረሙን የሰየመው በመልኩ ሳይሆን በሥራው ነው፤ «አቀነጨረ»፣ ዕድገቱን አስቀረ፣ ከሚለው ግስ። ከዚሁ ግስ ቤተሰብ «መቀንጨር» የሚለው ቃል በምግብ እጥረት ዕድገቱ ለተገታ ሕፃን የጤና ባለሙያዎች የሥራ ቃል ሆኗል። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» እስከ 2030 ለማስቀረት የተነሣው ይህንኑ መቀንጨር ነው። ይህን ቃል ለአንዲት የገጠር እናት መተርጐም አያስፈልግም፤ በማሳዋ ያየችው ነውና። የሙያ ቃል ከዚህ የተሻለ ዕድል ሊገጥመው አይችልም።

እንዲህ ከሆነ ጥቃቱን «አቀንጭራ» ብንለውስ? ውጤቱን በሚገባ ይገልጣል፤ በአንድ ቃልም ያልቃል። እኛ ግን ሁለት ነገር ያግደናል። አቀንጭራ አይወረወርም፤ ዘሩ በአፈር ውስጥ አድፍጦ ይጠብቃል፣ የሚይዘውም ከሥር ነው። በጨዋታው ዘሩ ከላይ ተጥሎ ከአካል ላይ ይጣበቃል። ደግሞም አቀንጭራ ዛሬም የሰው እህል የሚያጠፋ የአንድ የታወቀ ዐረም ስም ነው። በእርሻና በጤና ጥርት ያለ ሥራ የያዘን ቃል ሌላ ሥራ ብንደርብበት፣ አንድ ቃል ለአንድ ፅንሰ ሐሳብ የሚለውን ደንባችንን በገዛ እጃችን እንጥሳለን።

«ተቀጽላ» ግን ልክ የጃፓንኛው «ያዶሪጊ» ነው። ወፍ ፍሬውን በልታ የሚያጣብቀውን ዘር በሌላ ዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ትጥለዋለች፤ ዘሩ ከዚያው ላይ ተጣብቆ ሥሩን ወደ ቅርንጫፉ ያስገባል፣ ከዛፉም ውሃ ይስባል። የመድኃኒት ዐዋቂዎች በሚያድርበት ዛፍ ለይተው «የወይራ ተቀጽላ»፣ «የግራር ተቀጽላ» እያሉ ይጠሩታል። የቃሉም ሥር «ቀጸለ» ከላይ መድፋትን፣ ማስጌጥን የሚናገር ሲሆን፣ ከስም ጋር ተጨምሮ የሚገልጠውን «ቅጽል» ያልነውም ከዚሁ ነው። «የተቀጽላ ዘር» ስንል «ዘር» ከተክል ስም ቀጥሎ ስለ ተነገረ የሚዘራው መሆኑ ግልጽ ነው፤ የትውልድ ፍች አይገባበትም።

ተቃውሞ እንደሚነሣ እናውቃለን። አንዱ፣ እውነተኛው ተቀጽላ የሚያጠቃው ተክልን ብቻ ሲሆን በጨዋታው ግን ዕፅዋት ወገን የሆነው ከጥቃቱ ነጻ መሆኑ ነው። ይህ ተቃርኖ እውነት ነው፤ ይሁን እንጂ ከጃፓንኛው ጀምሮ ያለ ነው፣ ተርጓሚው ያመጣው አይደለም። ስሙ የጥቃቱን አኳኋን እንጂ የተጠቂውን ወገን አይናገርም። ሁለተኛው የሚበረታ ነው፦ በዛሬው ጽሑፍ «ተቀጽላ» በሌላ ድርጅት ላይ የተለጠፈ ቅርንጫፍ ወይም ጭፍራ ለማለት እየዋለ፣ የከተማ ልጅ ተክሉን አያውቀውም። ይህን አንክድም። ነገር ግን ቃሉ በከተማ ፍሬ ነገሩን አጥቶ ጥላው ብቻ ከቀረ፣ ተክሉን መልሶ የሚያሳየው ጨዋታ ማግኘት ለቃሉ ጥቅም እንጂ ጕዳት አይደለም። አልቅትን ብንመርጥ ግን ልጁ ከሁለቱም ይቀራል፤ ተክሉንም አያውቅ፣ ስያሜውንም አይረዳ።

ከእንግሊዝኛው መተርጐም ሁሉ ስሕተት ነው ማለታችን እንዳልሆነ አንድ ምሳሌ እናክል። ያው ፍጡር ባላጋራውን በረዣዥም ሐረጎች ይገርፋል፤ ጃፓንኛውም «ጹሩ ኖ ሙቺ»፣ እንግሊዝኛውም «ቫይን ዊፕ» ይለዋል፤ ሁለቱም የሐረግና የመግረፊያ ጥምረት ናቸው። እዚህ ላይ ቃል በቃል መተርጐም ትክክል ነው፤ «የሐረግ ጅራፍ» እንላለን። እረኞች ለቡሄ የሚያጮኹት ጅራፍ ራሱ ከልጥ የሚገመድ ስለ ሆነ፣ አማርኛው ከሁለቱም ይልቅ ለተክል ይቀርባል።

በመሆኑም ለጥቃቱ «የተቀጽላ ዘር» የሚለው እንዲወሰድ፣ «አቀንጭራ» ለዐረሙ፣ «መቀንጨር» ለሕፃናት ጤና እንዲጠበቁ፣ «የአልቅት ዘር» ግን ከመለመዱ በፊት እንዲቀር ሐሳብ እናቀርባለን። ለተርጓሚዎችም የምናሳስበው ይህን ነው፦ የእንግሊዝኛው ቃል በእጃችሁ ሲገባ፣ እርሱ ራሱ ትርጓሜ እንዳይሆን አስቀድማችሁ መርምሩ። የመጀመሪያው ቃል ከተገኘ በኋላ አቻውን ከመዝገበ ቃላት ብቻ ሳይሆን ከማሳውና ከዛፉ ሥር ጠይቁ፤ ሰያሚው ገበሬ ብዙ ጊዜ ከእኛ ቀድሞ ሰይሞታል።