የቆላ ጠጅ ጣይ ሙያ

ጣርማበር ላይ የተጣለ ጠጅና ቁልቁለቱን ወርደው ሸዋ ሮቢት ላይ የተጣለ ጠጅ፣ ማሩም ጌሾውም አንድ ቢሆን እኩል አይደርሱም። ጣርማበር በሰሜን ሸዋ ከ3,000 ሜትር በላይ ያለ ብርዳም ጫፍ ነው። የቀወቷ ሸዋ ሮቢት ደግሞ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ የተዘረጋች ሞቃት ቆላ ናት። ሙቀት ጠጅን ያጣድፈዋል። ደጋ ላይ አንድ ቀን ቢዘገዩበት የሚታገሥ ጠጅ፣ ሸዋ ሮቢት ባለችበት በይፋት ቆላ ሊሆመጥጥ ይችላል። ስለዚህ ቆለኛዋ ጠጅ ጣይ ለጋኑ የምትሰጠው ጥንቃቄ የተለየ ነው።

ሙያዋ ከጋኑ ይጀምራል። በግራዋ ፈትጋ ታጥበዋለች፤ በወይራ ጭስ ታጥነዋለች። ጭሱ መዓዛ ከመስጠቱ ሌላ ጠጅን የሚያበላሹ ረቂቅ ተሕዋስያንን ይቀንሳል። ከዚያ አንድ እጅ ማር በሦስት ወይም በአራት እጅ ውኃ ይበጠበጣል። ሰፈፉ ይለያል። ይህ ገና ያልፈላው ብርዝ ነው፤ የሚያሰክር መጠጥ ለማይቀምስ እንግዳም በክብር የሚቀርብ።

ቀጥሎ ጌሾ ይገባል። እርሾ ከውጭ አይጨመርበትም፤ ከማሩ፣ ከጌሾውና ከጋኑ ራሱ ይነሣል። ጌሾው ሲያንስ ጠጁ ልል ጣፋጭ ይሆናል፤ ለመበላሸትም ይቀርባል። ሲበዛ ምሬቱ ማሩን ይውጠዋል። ልኩን የምታውቀው በምላሷ ነው። ጋኑ ሲንጫጫ ጆሮዋን ትጥላለች፤ አረፋው ሲወርድ ታስተውላለች፤ ሽታው ከጣፋጭነት ወደ ጠንካራነት ሲሻገር ትለያለች። ጌሾውን የምታወጣበትንና የምታጠልበትን ሰዓት የሚነግሯት እነዚህ ናቸው። ለስላሳ፣ መካከለኛና ደረቅ የምንላቸው ጠጆች ልዩነታቸው ከዚህ ፍርድ ይመጣል።

ደኅና ጠጅ በብርሌ ሲቀዳ ይታወቃል። ቀጭኑ አንገት መዓዛውን ሰብስቦ ወደ አፍንጫ ያደርሳል፤ ክቡ ሆድ ቀለሙን ያሳያል። አምቡላው በደንብ ከተለየ አይጎረብጥም። ጣፋጩ መጀመሪያ ይመጣል፣ ምሬቱ ይከተላል፣ ማሩ ግን እስከ መጨረሻ አይጠፋም።

ፈረንሳዮች ለእንዲህ ያለ ሙያ በዓል ያደርጉለታል። በጁራ አውራጃ ቢጫው ወይን በበርሜል ቢያንስ 6 ዓመት ከ3 ወር ይቆያል። ከዚያም እንደ ብርሌ የራሱ መለያ በሆነው 62 ሳንቲ ሊትር በሚይዝ ጠርሙስ ይቀዳል። ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮም በክረምታቸው ከመንደር መንደር በሚዘዋወር ትርኢት አዲሱ በርሜል ሲከፈት ሕዝብ ይሰበሰባል። ጎብኚው የሚቀምሰው ከወይን ጠማቂው ፊት ቆሞ ነው። ወይኑ እንዴት እንደተሠራ ሊጠይቀው ይችላል።

የእኛዋ ጠጅ ጣይ ግን ብዙ ጊዜ ከጓዳ አትወጣም። ማሩን በስኳር፣ ወርቃማ መልኩን በቀለም የሚተኩ ሰዎች ከእሷ ጋር በአንድ ስም ይሸጣሉ። ልዩነቱን የሚያስከብርላት ለይቶ የሚቀምስ ጠጪ ነው። ማር ነጋዴው፣ ጌሾ አብቃዩና ጠጅ ጣይዋ በአንድ አደባባይ የሚቆሙበት የጠጅ ትርኢት ለሰሜን ሸዋ ይገባታል። እስከዚያው፣ አንባቢ ሆይ፣ ብርሌው ሲቀርብልህ ጠጁን የጣለችው ማን እንደሆነች ጠይቅ፤ ሙያዋንም በስሟ አመስግን።