ቤንዚኑ የሚሄድበት መንገድ

የቆየ መኪና ላይ አዲስ ሞተር ሲገባ ሰው ሁሉ የሚሰበሰበው ኮፈኑ ጋ ነው። ሞተሩ ይታያል፣ ይጮኻል፣ ይወራለታል። እኔ መኪናው ሊፍት ላይ እስኪወጣ እጠብቅና ከታች ገብቼ አያለሁ። የሠሪው እጅ የሚለየው እዚያ ነው፤ ቤንዚን ከታንኩ ተነስቶ ሞተሩ እስኪደርስ በሚያልፍበት መንገድ ላይ።

አሜሪካኖች የሚወዱትን አንድ ቅልቅል እንውሰድ። መኪናው እ.ኤ.አ. የ1969 ሸቭሮሌት ካማሮ፣ ሞተሩ ደግሞ በ2008 ኮርቬት ላይ የመጣው ኤልኤስ3፤ 6.2 ሊትር፣ 430 የፈረስ ጉልበት። የካማሮው የጥንት ሞተር ጎኑ ላይ በተገጠመች ሜካኒካል ፓምፕ ቤንዚኑን ከኋላ እየሳበ ይኖር ነበር፤ ካርቡሬተሩም ከ5 እስከ 7 ፒኤስአይ ግፊት ይበቃዋል። አዲሱ 58 ፒኤስአይ፣ ማለትም 4 ባር ይፈልጋል። አሮጌው መስመር ላይ ጠንካራ ፓምፕ ሰክቶ መገላገል የሚፈልግ ሰው ሞልቷል። እንዲህ ያለውን መኪና ድምፁን ሰምቶ ማድነቅ ይቻላል፤ ተሳፍሮበት ለመሄድ ግን ድፍረት ይጠይቃል።

ከግፊቱ የበለጠ ልብ የሚባል ልዩነት አለ። ካርቡሬተር ሆዱ ውስጥ ትንሽ የቤንዚን ቋት ይዟል። መኪናው በኃይል ሲታጠፍ ታንኩ ውስጥ ያለው ቤንዚን ወደ አንድ ጎን ሸሽቶ ፓምፑ ለቅጽበት አየር ቢስብ፣ ያቺ ቋት እስኪመለስ ታቆያለች፤ ነጂው እንኳ ላያውቀው ይችላል። የአዲሱ ሞተር ኢንጀክተር እንዲህ ያለ ስንቅ የለውም። ሞተሩ ሙሉ ጉልበቱን እያወጣ ሳለ ቤንዚን ካጠረው ሙቀቱ ይንርና ነገሩ ፒስተን እስከ ማቅለጥ ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ ዕቅዱ የሚጀመረው ከሞተሩ ሳይሆን ከታንኩ ነው።

የካማሮው ታንክ 68 ሊትር ገደማ ይይዛል፤ ከኋላ ዕቃ መጫኛው ሥር በሁለት የብረት ቀበቶ ተንጠልጥሏል። የሚሞላው ከኋላው ታርጋ ጀርባ ነው፤ ታርጋው ወደ ታች ይታጠፍና ክዳኑ ብቅ ይላል። ጎበዝ ሠሪ ይህችን ነገር አይነካትም። ታንኩ ከውጭ የፋብሪካውን መልክ እንደያዘ ይቀራል። ከውስጥ ግን በላሜራ ይከፋፈላል፤ ፓምፑ የሚቀመጥበት ትንሽ ክፍል ይበጅለታል። በሮቹ ወደ ውስጥ ብቻ ይከፈታሉ፤ ቤንዚን ይገባል፣ መኪናው ሲታጠፍ ግን ሸሽቶ አይወጣም። ፓምፑ ቤንዚን ውስጥ መጥለቁም በከንቱ አይደለም። ይቀዘቅዝበታል፤ ከሩቅ መሳብም ስለማይኖርበት የሞቀ ቤንዚን መስመሩ ውስጥ ተንኖ የሚያቆመው ነገር ይቀንሳል። የቤንዚን መጠን ጠቋሚውም ከዳሽቦርዱ መርፌ ጋር መግባባት አለበት። የዚያ ዘመን ሸቭሮሌት ባዶን በ0 ኦም፣ ሙሉን በ90 ኦም ያነባል። ይህን ያላየ ሰው የሚሠራው መኪና ታንኩ ጢም ብሎም ውሸት ያሳያል።

ፓምፑ ምን ያህል ይሁን? ሂሳቡ ቀላል ነው፤ የሚሠራው ሰው ግን ጥቂት ነው። እንዲህ ያለ ሞተር ሙሉ ኃይሉን ሲያወጣ ለአንድ የፈረስ ጉልበት በሰዓት ግማሽ ፓውንድ ያህል ቤንዚን ይበላል። 430ው ተደምሮ በሰዓት 135 ሊትር ገደማ ይመጣል። ገበያ ላይ እንደ ልብ የሚገኘው 255 ሊትር የሚባለው ፓምፕ ነው፤ ይበቃል፣ ይተርፋል። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ቁጥር ግን ግፊቱ ሲጨምር ይወርዳል፤ ኤሌክትሪኩ ሲደክምም እንደዚሁ። ስለዚህ ፓምፑ የራሱ ሪሌይና ወፍራም ሽቦ ይሰጠዋል። ለክብር ሲባል ከዚህ የሚበልጥ ፓምፕ መግዛት ደግሞ ትርፉ ሙቀት ነው። ሞተሩ ያልጠጣው ወደ ታንክ ይመለሳል፤ ሲመላለስ ውሎ ቤንዚኑ ይሞቃል።

እዚህ ላይ አንድ የምወደው ብልሃት አለ። ለአምስተኛው ትውልድ ኮርቬት የተሠራ አንድ ፊልትሮ የግፊት መቆጣጠሪያውን በውስጡ ይዟል፤ 58 ፒኤስአይ ላይ ተወስኗል። ሦስት አፍ አለው፦ ከፓምፑ የሚቀበልበት፣ ወደ ሞተሩ የሚልክበት፣ ትርፉን የሚመልስበት። ታንኩ አጠገብ ከተቀመጠ መመለሻው አጭር ይሆናል፤ ወደ ፊት የሚሄደው አንድ መስመር ብቻ ነው። ሁለተኛ ቱቦ የለም፣ ከሞተሩ ሙቀት ይዞ የሚመለስ ቤንዚን የለም። ፋብሪካ የደከመበትን ነገር አውቆ መዋስም ሙያ ነው።

አሁን ቱቦው። ጫፉን ቀረብ ብላችሁ እዩት። ብረቱ እንደ ጥሩምባ ተከፍቷል፤ ዳዶው ሲጠብቅ ይህ አፍ ተቀባዩ ላይ ይተኛል፣ ቤንዚን የሚታገደው ብረት በብረት ላይ ተጭኖ ነው። በአሜሪካ ጦርና ባሕር ኃይል ደረጃ የተሠራው መገጣጠሚያ የ37 ዲግሪ አፍ አለው፤ የተለመደው የመኪና ቱቦ አፍ 45 ዲግሪ ነው። የ8 ዲግሪ ልዩነት በዓይን አይያዝም፤ ሁለቱ በግድ ሲታሰሩ ግን የሚነካኩት በቀጭን መስመር ብቻ ነው፣ ከዚያ ማንጠባጠብ ይመጣል። ጥሩ የተከፈተ አፍ ዙሪያው እኩል ነው፤ ስንጥቅ የለውም፣ የመጋዝ ጭረት የለውም። ዳዶውም በጣት ብቻ እየተሽከረከረ እስከ መጨረሻው ይገባል። ቁልፍ የሚነሳው ለመጨረሻዋ ማጥበቂያ ነው። ቱቦን በቁልፍ ጎትቶ ቦታው ማድረስ የተጣመመ ልኬትን መሸፈን ነው፤ እንዲህ የታሰረ ቱቦ ቀን ቆጥሮ ይሰነጠቃል።

ቱቦው ከወለሉ ሥር ሲሄድ ከጭስ ማውጫው ይርቃል፤ ከመኪናው ዝቅተኛ ቦታም በላይ ይሆናል፣ ድንጋይ እንዳያገኘው። ማቀፊያዎቹ ጎማ የለበሱ ናቸው፣ ርቀታቸውም እኩል ነው። ቱቦው ሲታጠፍ የወለሉን ቅርጽ ይከተላል። ሞተሩ ጎማ ላይ ስለሚቀመጥ ይናወጣል፤ ስለዚህ ብረቱ አካሉ ላይ ያበቃና የመጨረሻዋን ክንድ የምታህል ርቀት ተጣጣፊ ቱቦ ይረከባል። ያን የሚያብረቀርቅ ሽቦ የተጎነጎነበትን ቱቦ ሁሉም ያደንቀዋል፤ ቁም ነገሩ ያለው ከሽቦው ሥር ነው። የአሜሪካ ቤንዚን አብዛኛው እስከ 10 በመቶ ኤታኖል አለበት (እኛም አገር ከስኳር ፋብሪካ በወጣ ኤታኖል ተቀላቅሎ ተሽጧል)፤ ኤታኖል ደግሞ የድሮ ጎማን ይበላል። ውስጡ ቴፍሎን የሆነው ይችለዋል፣ ሽታም አያሳልፍም። ጋራዡ ሁልጊዜ ቤንዚን ቤንዚን የሚሸት ከሆነ ቱቦው ለታይታ የተገዛ ነው ብዬ እጠረጥራለሁ።

ፓምፑን የሚያዘው የሞተሩ ኮምፒውተር ነው። ቁልፍ ሲዞር ሁለት ሰከንድ ያህል ያስነሳውና መስመሩን ይሞላል፤ ሞተሩ ካልዞረ ያጠፋዋል። በቀጥታ ከቁልፉ ሽቦ ስቦ ፓምፕ ማስነሳት ይቀላል፤ ነገር ግን መኪናው ተጋጭቶ ሞተሩ ቢጠፋም ፓምፑ በ4 ባር መርጨቱን ይቀጥላል።

ባለሙያዎች የማይስማሙበት አንድ ነገር አለ፦ ከፓምፑ በላይ የዕቃ መጫኛውን ወለል ቆርጦ ክዳን ማበጀት። ይህን ያህል ዘመን የኖረ ላሜራ አይቆረጥም የሚሉ አሉ፤ ስሜታቸው ይገባኛል። ፓምፕ ግን አላቂ ዕቃ ነው። መንገድ ላይ ሲሞት፣ ቤንዚን የሞላ ታንክ ማውረድ ያለበት ሰው ወለሉን ባልቆረጠው ሠሪ ላይ የሚለውን መገመት አያስቸግርም። እኔ ከሚቆርጡት ወገን ነኝ፤ ጠርዙ ተሞርዶ ጎማ ከለበሰና ክዳኑ በቡሎን ከታሰረ።