የእጅጋየሁ ሽባባው ድፍረት፦ ዜማ፣ ዓባይና ከተማ

በመድረክ ስሟ ጂጂ የምትባለው እጅጋየሁ ሽባባው እ.ኤ.አ. በ2001 በራሷ ስም የሰየመችውን አልበም ስታወጣ አገር ቤት ውስጥ ክርክር ተነሳ። አንዱ ወገን የአገር ዜማ ተበረዘ ብሎ ቅር ተሰኘ። ሌላው እነ ሄርቢ ሃንኮክ፣ ዌይን ሾርተርና ፋሮው ሳንደርስ ያጀቧት ኢትዮጵያዊት ተገኘች ብሎ ኮራ። ሁለቱ ወገኖች ሳያውቁት የተስማሙበት ነገር ግን ነበር፦ የአልበሙ ድፍረት ከጃዝ ጋር መቀላቀሉ ነው የሚለው። ይህ ዳሰሳ በዚህ አይስማማም። የአገራችንን ቅኝት ከጃዝ ጋር ማዋሐድ በ2001 አዲስ ነገር አልነበረም። ሙላቱ አስታጥቄ ያንን መንገድ ከጀመሩት ሠላሳ ዓመት አልፎ ነበር። የጂጂን ድፍረት ለማየት ከሳክስፎኑ ጀርባ መሄድ፣ የቤተ ክርስቲያን ዜማ በጣና ዙሪያ እንዴት እንደሚያዝና ለማን እንደሚሰጥ መመልከት ያስፈልጋል።

ጂጂ የቻግኒ ልጅ ናት። ቻግኒ ከባሕር ዳር በስተደቡብ ምዕራብ፣ በአዊ ምድር ያለች፣ አማርኛና አገውኛ በአንድ ገበያ የሚሰሙባት ከተማ ናት። የዘፋኟ ልጅነት ሲወሳ የሚነሳ አንድ ነገር አለ፤ የቤተ ክርስቲያን ዜማን በቤተሰቧ ቤት ውስጥ ከአንድ ካህን መማሯን። ብዙዎች ይህን እንደ ደስ የሚል የልጅነት ትዝታ አንብበው ያልፉታል። ሊታለፍ ግን አይገባም።

ዜማ በጎንደርና በጎጃም እንዲሁ ሲሰሙ የሚለመድ ነገር አይደለም። ተማሪው ለምዱን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ የዕለት ጉርሱን ለምኖ፣ ከመምህሩ እግር ሥር ተቀምጦ ዓመታት ይፈጃል። ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ የተባሉትን ሦስቱን ስልቶች ለይቶ ያውቃል። ከቃሉ በላይ የሚጻፉትን ምልክቶች አንድ በአንድ ያጠናል። ትውፊቱ እነዚህን ምልክቶች በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን ለነበሩት ለአዛዥ ጌራና ለአዛዥ ራጉኤል ይሰጣል። ድፋት ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ ደረት ከደረት ያስወጣዋል፤ ርክርክ እየተንቀጠቀጠ ያወርደዋል። የዜማው አባት የሚባለው ቅዱስ ያሬድ ራሱ በጣና ቂርቆስ ተቀምጦ አስተምሯል የሚል ትውፊትም በሐይቁ ዙሪያ ጸንቶ ይኖራል። ይህ ሁሉ ሀብት ሲተላለፍ የኖረው በአብዛኛው ከወንድ ወደ ወንድ ነው። ከባሕር ዳር ወደብ በጀልባ ትንሽ እንደተሄደ የሚገኘው ክብራን ገብርኤል ሴት አያስገባም፤ ዳጋ እስጢፋኖስም እንዲሁ ነው። ለገዳማቱ ይህ ሥርዓታቸው ነው። ዜማ ለምታፈቅር ልጃገረድ ግን ትርጉሙ ሌላ ነው፦ ትሰማለች፣ በልቧ ትይዛለች፣ ጉባኤ ገብታ ግን አትማርም።

እንግዲህ አንድ ካህን ቤት ውስጥ ለአንዲት ልጅ ዜማ ማሰማቱ፣ እሷም መቀበሏ፣ የዚህ ሁሉ ታሪክ መነሻ ነው። ድምጿን በጥሞና የሚሰማ ሰው ይህን ያገኘዋል። አንድን ፊደል ይዛ ስትጎትተው፣ መጨረሻው ላይ ሳትቆርጠው በትናንሽ እርከኖች እያንቀጠቀጠች ስታወርደው፣ አቀራረጧ የዘመናዊ ዘፋኝ ጌጥ አይመስልም። የቅኔ ማሕሌት ጆሮ ያለው ሰው ርክርክን ያስታውሳል። በ2001ዱ አልበም ውስጥ «ካህን» የሚል ርእስ ያለው ዘፈን መኖሩም በአጋጣሚ አይመስልም። አጃቢዎቿ የዓለም ታላላቅ የጃዝ ሰዎች ቢሆኑም የዘፈኖቹን አከርካሪ የያዘው ይህ የድምፅ አያያዝ ነው። ባንዱን አንስተን ድምጿን ብቻ ብናስቀር ዘፈኑ ይቆማል። ድምጿን አንስተን ባንዱን ብናስቀር ግን የቀረው ጥሩ ጃዝ ነው እንጂ የጂጂ ሥራ አይሆንም።

በዚህ መንገድ ጂጂ ብቻዋን አይደለችም። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ከእሷ በፊት ሌላ በር ፈልገዋል። በስዊዘርላንድና በካይሮ ቫዮሊንና ፒያኖ የተማሩት እኚህ ሴት በወጣትነታቸው ግሸን ማርያም ገብተው መነኰሱ። በኋላም በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ጎንደር ሲኖሩ የያሬድን ዜማ አጠኑ። በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ሜዳ ላይ የሚያድሩትን የቆሎ ተማሪዎች ያዩትም በዚያን ጊዜ ነው። የመጀመሪያ ሸክላቸውን በ1967 ጀርመን ውስጥ ሲያስቀርጹ ሐሳባቸው ገቢው ለችግረኞች እንዲውል ነበር። በ2023 በኢየሩሳሌም በ99 ዓመታቸው ሲያርፉ ዓለም የሚያውቃቸው በፒያኗቸው ነበር። የእማሆይ ፒያኖና የጂጂ ድምፅ ሲሰሙ አይመሳሰሉም፤ የሚያገናኛቸው ሁለቱም ዜማን ከጉባኤ ቤቱ ውጭ ተቀብለው ወዳልተፈቀደለት ቦታ መውሰዳቸው ነው። ሙላቱ አስታጥቄም በ2008 በሃርቫርድ የያሬድ ኦፔራቸውን ክፍል አሰምተዋል፤ ሙላቱ ግን በዚያ መንገድ ሲሄዱ ሴት በመሆን የሚዘጋ በር አላጋጠማቸውም።

አሁን ወደ ከተማ እንምጣ። በባሕር ዳር የከተማ ሙዚቀኛ ሲባል ቀድሞ የሚታሰበው አዝማሪ ነው። አዝማሪው ማሲንቆውን ይዞ በጠረጴዛዎቹ መሃል ይዞራል። ከፈረስ ጭራ የተገመደችውን አንዷን ክር በደጋኑ እየገዘገዘ የተቀመጠውን ሰው ያጠናል፦ ማን ነው? ከየት መጣ? ከማን ጋር ነው? ስሙን ጠይቆ በስሙ ይገጥማል፣ አገሩን ጠይቆ በአገሩ ያሞግሳል። ደንበኛው ደግሞ «ተቀበል!» ብሎ የራሱን ግጥም ያቀብለዋል፤ አዝማሪው ስንኙን በዜማ መልሶ ቤቱን ያስቃል። ብሩ ግንባሩ ላይ ይለጠፋል። ይህ እጅግ ከባድ ሙያ ነው፤ አዝማሪ በአንድ ሌሊት የሚፈጥረውን ያህል ስንኝ ብዙ ገጣሚ በዓመት አይጽፍም። ግን ሙያው የታሰረበት ነገር አለ። አዝማሪ የሚዘፍነው ፊቱ ለተቀመጠው ሰው ነው። አድማጩ ከከፋው እንጀራው ይቀራል። ድፍረቱም በዚሁ ልክ የተሰፋ ነው፤ ይነካል፣ ይሸነቁጣል፣ ከዚያ ግን በምርቃት ይመልሳል።

ጂጂ ከዚህ ግዴታ የወጣችው በርቀት ነው። በኬንያ ጥቂት ዓመታት ኖራ በ1998 ገደማ ሳን ፍራንሲስኮ ገባች። ከ2001 በፊት ያሳተመቻቸው ሥራዎች በውጭ ለሚኖረው ኢትዮጵያዊ የተሠሩ ነበሩ። ቀጥሎ የፓልም ፒክቸርስ ባለቤት ክሪስ ብላክዌል ድምጿን ሰማ፤ ሬጌን ከጃማይካ ውጭ ለዓለም ያስተዋወቀው ሰው ነው። አልበሙን ያቀናበረው በኋላ ባለቤቷ የሆነው ቢል ላስዌል ነው። ከነዚህ ስሞች በላይ ግን መታየት ያለበት ሌላ ነገር አለ። በባዕድ አገር ከተሞች ስቱዲዮ ውስጥ «ያገር ዘፈን እንዲህ አይደለም» የሚላት አልነበረም፤ «ዜማ ለሴት አይሆንም» የሚላትም አልነበረም። የምትዘፍንለት ሰው እዚያ አልነበረም። የታላቅ ከተማ ስጦታ ይህ ይመስላል፦ አድማጭን ከፊት አንስቶ በሐሳብ ውስጥ ማስቀመጥ። አዝማሪው ለተቀመጠው ይዘፍናል፤ ጂጂ ለሌለው ዘፈነች።

ዋጋው ደግሞ በዘፈኖቹ ውስጥ ይሰማል። «ናፈቀኝ» ረጅም ናፍቆት ነው። ዘፋኟ ትዝታን እንደ ልማዳችን ለአንድ ወዳጅ ብቻ አልሰጠችውም፤ ቤቱን፣ አገሩን፣ የኖረችበትን ሕይወት ሁሉ ትጠራለች። «ባለ ዋሽንቱ» ደግሞ ርእሱ እንደሚነግረን ወደ እረኛው ይመልሰናል። ዋሽንት በጎጃም ሜዳ ላይ የብቸኛ ሰው መሣሪያ ነው፤ ከሸምበቆ ተቆርጦ ጥቂት ቀዳዳ ይበሳለታል፣ አድማጩም ከብቶቹና የሩቅ ተራራው ናቸው። እነዚህን ዘፈኖች አንድ ላይ ሲሰሟቸው አስገራሚው ነገር ከተማው አለመኖሩ ነው። ፎቅ የለም፣ መኪና የለም፣ ሳን ፍራንሲስኮ የለም። ያለ ከተማው ርቀት ግን አንዱም በዚህ መልክ አይዘፈንም ነበር። ስለዚህ የጂጂን ሥራ «የገጠር ናፍቆት» ብሎ መመደብ ግማሹን ማየት ነው። የከተማ ሥራ ነው፤ ከተማው ግን የቆመችበት ቦታ ሆኖ ተደብቋል።

ከሁሉም ይበልጥ ይህ ዳሰሳ ሊቆይበት የሚገባው «ዓባይ» ነው። ዓባይ ከጣና የሚወጣው ባሕር ዳር ላይ ነው። የከተማዋ ነዋሪ በየቀኑ ይሻገረዋል፤ በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ ድልድይም በላዩ ተዘርግቷል። ጂጂ ወንዙን እንደ ውብ ሰው ታነጋግረዋለች። ውዳሴው ይበዛል፣ ቁዘማም አለው። ዘፈኑ ዓለም ላይ በተሰማበት በ2001 እ.ኤ.አ. ግን ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወርዶ ሌላ ነገር እየሆነ ነበር። በሐይቁ መውጫ ላይ የጨረጨራ ግድብ ከ1996 ጀምሮ የውሃውን አወጣጥ ይቆጣጠራል። በ2001 ደግሞ 73 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ሁለተኛው የጢስ ዓባይ ጣቢያ ሥራ ጀመረ። ውሃው ወደ ተርባይኑ ሲዞር ታላቁ ፏፏቴ በበጋ ወራት ሳሳ። በ2010 ሥራ የጀመረው የጣና በለስ ጣቢያም ከሐይቁ የራሱን ድርሻ ይወስዳል። ግርማውን የምታወድሰው ዘፈንና የፏፏቴው መክሳት በአንድ ዓመት ተገናኙ።

ይህ ግጥምጥሞሽ ዘፈኑን አያሳንሰውም፤ ጥያቄውን ግን ያከብደዋል። ኤሌክትሪክ ያስፈልጋል፤ ጢስ ዓባይ አጠገብ ያለ ገበሬም ብርሃን ይገባዋል። ቢሆንም የወንዙን ድምፅ በጆሮው የሚያውቅ ሰው ሲቀንስ በዘፈን ብቻ የሚያውቀው ይበዛል። ከመጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ወዲህ፣ የታላቁ ሕዳሴ ግድብ የመሠረት ድንጋይ ከተቀመጠ በኋላ፣ «ዓባይ» የሕዝብ ዘፈን ሆነ። ግድቡ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. እስኪመረቅ ድረስ በአደባባይ በዓላት፣ በሬዲዮና በቴሌቪዥን ተደጋግሞ ተሰማ። «ዓድዋ» የተባለው ዘፈኗም በየዓመቱ በድሉ በዓል የካቲት 23 ላይ እንዲሁ ይመለሳል። ዘፋኟ አገርን አስባ የሠራችው ሥራ የአገር ሲሆን ደስ ይላል። ያም ሆኖ ዘፈን የበዓል ማጀቢያ ሲሆን የሚጠፋ ነገር አለ። ሰው ግጥሙን እየደገመ ድምፁን መስማት ያቆማል፤ ያ የቁዘማ ክር፣ ያ የርክርክ አወራረድ በጭብጨባ ይሸፈናል። ሂስ ማድረግ ያለበት አንድ ሥራ ዘፈኑን ከበዓሉ አውጥቶ እንደገና እንዲሰማ ማድረግ ነው።

ስለ ሌሎቹ ሥራዎቿ ፍርዱ አጭር ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው «ኢሉሚኔትድ ኦዲዮ» ላስዌል የ2001ዱን አልበም አፍርሶ በድምፅ ጉም የሸፈነበት ሥራ ነው። የድምፅ አቀናባሪ ድፍረት አለው፤ የዘፋኟ ግን ጠፍቷል። በዚያው ዓመት አቢሲኒያ ኢንፊኒት በሚል የባንድ ስም የወጣው «ዛየን ሩትስ» ከሁሉ ይበልጣል። ክራርና ዋሽንት ወደ ፊት መጥተዋል፣ የቤተሰቧ አባላትም አብረዋት ይዘፍናሉ። ከታላላቅ ስሞች ጋር ሠርታ ስሟ በዓለም ከተጠራ በኋላ ወደ ቤተሰብ ድምፅ መመለስ ቀላል ውሳኔ አልነበረም፤ ገበያው የሚጠብቀው ሌላ ትልቅ ስም ነበርና። በ2006 የተከተለው «ጎልድ ኤንድ ዋክስ» (ወርቅና ሰም) ከጎጃም የቅኔ ቤት ስም ቢዋስም የኤሌክትሮኒክ ምቱ ብዙ ቦታ ላይ ድምጿን ይጫነዋል።

ታዲያ ባሕር ዳር ላይ ዛሬ አንዲት ወጣት ሙዚቀኛ ብትነሳ ምን ይጠብቃታል? በነሐሴ 2015 ዓ.ም. በከተማዋ የሰዓት እላፊ በታወጀ ጊዜ ከሁሉ ቀድሞ እንጀራው የተነካው በሌሊት የሚሠራው ሰው ነው፤ አዝማሪውም ከነዚህ አንዱ ነው። የአማራ ክልል ግጭት የባህል ሥራን አክብዶታል። እንዲህ ባለ ጊዜ ስለ ጥበብ ድፍረት ማውራት ቅንጦት ሊመስል ይችላል፤ አይደለም። ዜማ የሚያልፈው በቃል ስለሆነ መምህሩ ሲሰደድና ጉባኤው ሲበተን አብሮ ይጠፋል፤ የአዝማሪም ስንኝ ቤቱ ሲዘጋ የሚቀመጥበት መዝገብ የለውም።

ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲና ሙሉዓለም የባህል ማዕከል በዚህ ላይ የሚሠሩት ብዙ ነገር አላቸው። የጂጂን ዘፈኖች ከዜማ ሊቃውንት ጋር ተቀምጦ ምልክት በምልክት ማጥናት፣ የሐይቁን ዙሪያ አዝማሪዎች ድምፅ መቅረጽ፣ ማሲንቆንና ዜማን መማር ለምትፈልግ ሴት ልጅ ቦታና መምህር ማዘጋጀት ይቻላል። ያቺ ልጅ የምትማረውን ለማግኘት ናይሮቢና ሳን ፍራንሲስኮ መድረስ አይኖርባትም። መምህራኑ በሕይወት ሳሉ፣ ሥራው በዚህ ዓመት ይጀመር።