ኩርፊያና ዝምታ፦ የጆን ጎትማን የትዳር መጽሐፍ በሻሸመኔ ሲነበብ

ሕፃናትን የሚያክም ባለሙያ ደጋግሞ የሚያጋጥመው ነገር አለ። ልጁን ሆዱን ያመዋል፤ ምርመራው ግን በሽታ አያሳይም። ጠጋ ተብሎ ሲጠየቅ እናትና አባት ተኳርፈዋል፤ በመካከላቸው የሚመላለሰው ልጁ ነው። «አባትህን ምሳ ቀርቧል በለው»፣ «እናትህን የአስቤዛውን ገንዘብ አስቀምጫለሁ በላት» ይባላል። ልጁን ለመፈወስ ወላጆቹን ማነጋገር የግድ ይሆናል።

ለዚህ ሥራ በዓለም ዙሪያ ከሚጠቀሱት ጽሑፎች አንዱ፣ አሜሪካዊው የሥነ ልቡና ተመራማሪ ጆን ጎትማን ከናን ሲልቨር ጋር እ.ኤ.አ. በ1999 ያሳተሙት ስለ ሰባቱ የትዳር መርሖች የሚናገረው መጽሐፍ ነው። መጽሐፉ በሻሸመኔ ላሉ ወላጆች ምን ያህል ይበጃል?

የመጽሐፉ ብርታት ከምልከታ መነሣቱ ነው። ጎትማን በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ባልና ሚስት ሲነጋገሩ በፊልም ቀርጸዋል፤ የልብ ምታቸውንም ለክተዋል። ትዳርን የሚያፈርሱ አራት ጠባዮችንም ለይተዋል፤ እነርሱም ነቀፋ፣ ንቀት፣ ጥፋትን አለመቀበልና ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ መዘጋት ናቸው። ከሁሉም የከፋው ንቀት ነው። የልብ ምቱ በደቂቃ ከ100 በላይ የሆነ ሰው ማዳመጥ ስለሚሳነው፣ ቢያንስ ለ20 ደቂቃ ንግግሩን አቋርጦ እንዲረጋጋ ይመክራሉ። ይህ ምክር ወጪ የሌለውና በየትኛውም ቤት የሚሠራ ነው።

ሆኖም ሦስት ጉድለቶች ይታያሉ። አንደኛው፣ የአምስት ደቂቃ ንግግር አይቶ ፍቺን በ91 በመቶ ትክክለኛነት መተንበይ ይቻላል መባሉ ነው። ሪቻርድ ሄይማንና ኤሚ ስሌፕ እ.ኤ.አ. በ2001 እንዳስገነዘቡት፣ እንዲህ ያለው ቀመር ከተሠራበት መረጃ ውጭ ሲፈተን ትክክለኛነቱ በእጅጉ ይቀንሳል። ስለዚህ ማንም ሐኪም በዚህ ተመክቶ «ይህ ትዳር አይዘልቅም» ሊል አይገባም።

ሁለተኛው ከዝምታ ጋር የተያያዘ ነው። የእኛ ኩርፊያ በር መዝጋት ብቻ አይደለም፤ ያኮረፈ ሰው አስታራቂ እንዲመጣለት ይጠብቃል። ሽማግሌ የሚላከውም ለዚሁ ነው። በአርሲ ኦሮሞ ባህል የተበደለች ሚስት ሴቶች ሲንቄያቸውን ይዘው እንዲቆሙላት ማድረግ ትችላለች። እንግዲህ ዝምታ የዕርቅ መነሻ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ነገር ግን ለኩርፊያ ጥብቅና የምንቆመው አስታራቂው አዋቂ እስከሆነ ድረስ ብቻ ነው። መልእክተኛው ልጅ ሲሆን የወላጆቹን ሸክም ይሸከማል፤ ሳልቫዶር ሚኑቺን እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተሙት የቤተሰብ ሕክምና መጽሐፍ ያሳሰቡትም ይህንኑ ነው። ሽማግሌዎቻችንም ቢሆኑ በዳይን ለይተው «ለልጆቻችሁ ስትሉ ታረቁ» ካሉ በኋላ፣ በቤቱ ውስጥ የቀረውን የንቀት አነጋገር ብዙ ጊዜ አይመረምሩም። በዚህ ረገድ ጎትማን ይበልጣሉ።

ሦስተኛውና አሳሳቢው ፍርሃት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2005 ያወጣው ጥናት በቡታጅራ አካባቢ ባል ወይም ወንድ ጓደኛ ካላቸው ወይም ከነበራቸው ሴቶች 71 በመቶው በዕድሜያቸው አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት እንደደረሰባቸው አመልክቷል። የምትደበደብ ሴት ባሏ ፊት «ስሜትሽን ተናገሪ» ብትባል፣ የተናገረችው ቃል ቤት ስትገባ ዱላ ሊያስከትልባት ይችላል። ጎትማን ራሳቸው ከኒል ጃኮብሰን ጋር እ.ኤ.አ. በ1998 ስለ ደብዳቢ ባሎች ሌላ መጽሐፍ አሳትመዋል፤ አንዱን ያለ ሌላው ማንበብ ያሳስታል።

በመሆኑም መጽሐፉን መጣልም እንዳለ መቀበልም አይገባም። ባለሙያው በቅድሚያ ባልንና ሚስትን ለየብቻ ያነጋግር፤ የሚፈራ ካለ የጋራ ውይይቱ ይቆይ። ከዚያም ሁለት ጥያቄ ይጨምር፦ ስትኳረፉ ማን ያስታርቃችኋል? እስከዚያውስ በመካከላችሁ የሚመላለሰው ማን ነው? መልሱ «ልጃችን» ከሆነ፣ የመጀመሪያው ሕክምና ልጁን ከመልእክተኝነቱ ማሳረፍ ነው።